ከባሕር ወለል በታች ያለውን ምድር በድምፅ ስለ መመርመር

በገደላማ አገር ያደገ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ከገደል አፋፍ ቆሞ ወደ ማዶ ጮኾ ያውቃል። ጩኸቱ ወዲያው ከተመለሰለት ማዶው ቅርብ ነው፤ ዘግይቶ ከተመለሰለት ሩቅ ነው። የገደል ማሚቶ የምንለው ይህ ነገር ለእረኛ ጨዋታ ነው። ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ ግን ማንም በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን ምድር፣ ይኸውም ከባሕር ውሃና ከባሕር ጭቃ በታች የተኛውን ዓለት፣ ለመመርመር ዋና መሣሪያ ሆኖአል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ መሣሪያውን ለማመስገን አይደለም። ድምፁ ምን ነገረን፣ ምንስ ሳይነግረን ቀረ የሚለውን ጥያቄ በአንድ እውነተኛ ታሪክ፣ ማለት በሜዲቴራኒያን ባሕር ሥር በተገኘው ጨው ታሪክ፣ ለመመልከት ነው። ይህ ታሪክ በመጨረሻ ወደ ራሳችን አካባቢ፣ ወደ ቀይ ባሕር ያመጣናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድምፅ በውሃ ውስጥ እንደሚሄድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ፍጥነቱ በጥንቃቄ የተለካው ግን በ1826 በጄኔቭ ሐይቅ ላይ ዳንኤል ኮላዶን ከወዳጁ ከሒሳብ ሊቁ ከሻርል ስቱርም ጋራ ሆኖ ባካሄደው ሙከራ ነው። ከአንድ ጀልባ ሥር ደወል በውሃ ውስጥ ተንጠለጠለ፤ ደወሉ በሚመታበት ቅጽበት ከጀልባው ላይ ባሩድ ይቀጣጠላል። ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሌላ ጀልባ የተቀመጠው ኮላዶን የባሩዱን ብልጭታ ሲያይ ሰዓቱን ያስነሣል፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ በገባ ረዥም ቀንድ መሰል ቱቦ የደወሉን ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ያቆማል። ውጤቱ በሴኮንድ 1435 ሜትር ሆነ፤ ይህም በአየር ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዛሬ ለባሕር ውሃ በደምሳሳው 1500 ሜትር ይባላል። አንባቢው ይህን ቍጥር እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናልና።

ይህ ዕውቀት ለብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ሳይውል ቈየ። መርከበኞች የባሕርን ጥልቀት የሚለኩት በገመድ ጫፍ እርሳስ አስረው በመጣል ነበር፤ በውቅያኖስ መካከል አንዱ መለኪያ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በ1912 ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ከሰጠመች በኋላ የበረዶውን ተራራ በድምፅ አስቀድሞ ለማወቅ ብዙዎች ጣሩ። ከእነርሱም አንዱ በካናዳ የተወለደው ሬጂናልድ ፌሰንደን በ1914 በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ የበረዶ ተራራ የተመለሰ ድምፅ ለመስማት ቻለ። በዚያው ሙከራ ላይ ያልታሰበ ሌላ ድምፅም ተመልሶ ተሰማ፤ እርሱም ከባሕሩ ወለል የመጣ ነበር። ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሜቴዎር የተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ ከ1925 እስከ 1927 በደቡብ አትላንቲክ እየተመላለሰች ከ67000 በላይ ጥልቀቶችን በድምፅ ለካች። በገመድና በእርሳስ ቢሆን ኖሮ የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

ይህ ሁሉ ግን የወለሉን ፊት ብቻ የሚነካ ሥራ ነው። ከወለሉ በታች ለመግባት ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ድምፅ ከጭቃው ሲደርስ ሁሉም አይመለስም፤ ከፊሉ ተመልሶ ከፊሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለስላሳው ጭቃ አልቆ ጠንካራ ዓለት በሚጀምርበት ቦታ ደግሞ እንደገና ከፊሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከአንድ ጩኸት በኋላ አንድ ሳይሆን ብዙ ማሚቶ ይመጣል። የትኛው ድምፅ ወደ ጥልቁ ይገባል ቢባል፣ መልሱ በበዓል ዋዜማ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ ለተቀመጠ ሰው የታወቀ ነው። ከበሮው ሸለቆውን ተሻግሮ ይሰማል፤ ጸናጽሉ ግን አይሰማም። ቀጭን ድምፅ ጥቃቅኑን ነገር አጥርቶ ያሳያል፣ ነገር ግን በጭቃው ውስጥ ቶሎ ይደክማል። ወፍራም ድምፅ ወደ ጥልቁ ይገባል፣ የሚያሳየው ግን ድፍን ድፍኑን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ መሣሪያ የሚሠሩ መሐንዲሶች ከዚህ ምርጫ አላመለጡም።

አሜሪካዊው ሞሪስ ዩዊንግ ወፍራሙን ድምፅ በድማሚት ፈለገው። በ1935 በሰሜን አሜሪካ የምሥራቅ ዳርቻ አጠገብ ድማሚት እያፈነዳ፣ በባሕሩ ዳር የተከማቸው ደለል ወደ ውቅያኖሱ በሄደ ቍጥር እየወፈረ በሺህ የሚቈጠር ሜትር እንደሚደርስ አሳየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1949 በኒው ዮርክ አጠገብ ላሞንት የተባለውን የምርምር ጣቢያ መሠረተ፤ መርከቦቹም በየውቅያኖሱ እየዞሩ ፈንጂ ወደ ባሕር ሲጥሉና ማሚቶውን ሲመዘግቡ ኖሩ። ሥራው ለመርከበኞቹ አደገኛ ነበር። በ1960ዎቹ ውስጥ ፈንጂው ቀርቶ በግፊት የታመቀ አየርን በድንገት ወደ ውሃ የሚለቅ መሣሪያ ተተካ፤ በየጥቂት ሴኮንዱ ሳያቋርጥ ሊያጓራ የሚችል ስለሆነ መርከቡ እየሄደ ከሥሩ ያለውን ምድር ያለ ማቋረጥ ለመሣል ተቻለ።

ሥዕሉ እንዴት እንደሚሣል መግለጽ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚገባው ከዚሁ ነው። በመርከቡ ክፍል ውስጥ ወረቀት ቀስ እያለ ይጠቀለላል፤ መርፌ በወረቀቱ ላይ እየተመላለሰ ማሚቶ በመጣ ጊዜ ሁሉ ጥቍር ነጥብ ይተዋል። ነጥቦቹ ጎን ለጎን ሲሰለፉ የባሕሩ ወለልና ከሥሩ ያሉት ንጣፎች በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ዳቦ ሆነው ይታያሉ። ላየው ሰው ፎቶግራፍ ይመስለዋል። ግን ፎቶግራፍ አይደለም። በመጀመሪያ ነገር ወረቀቱ ላይ ያለው ቁመት ሜትር ሳይሆን ጊዜ ነው። ማሚቶው ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ቢመለስ፣ መሄጃውና መመለሻው ተከፍሎ በውሃ ውስጥ 750 ሜትር ማለት ነው። በጨው ዓለት ውስጥ ግን ድምፅ በሴኮንድ 4500 ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ያው አንድ ሴኮንድ ከ2000 ሜትር በላይ ይሆናል። እንግዲህ ዓለቱ ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ውፍረቱን አያውቅም፤ ወረቀቱ ደግሞ ዓለቱ ምን እንደሆነ አይናገርም። ሁለተኛም ድምፁ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ስለሚወርድ፣ መርከቡ አንድ ቋጥኝ ካለበት ሳይደርስም ካለፈው በኋላም የቋጥኙን ማሚቶ ይሰማል፤ በወረቀቱ ላይ ቋጥኙ ሰፊ ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛም ወረቀቱ ወርዱ ተጨምቆ ቁመቱ የተሳበ በመሆኑ፣ በሬ ሊያርሰው የሚችል ለስላሳ ተዳፋት እንደ ገደል ይታያል። የዘመኑ ተመራማሪዎች እነዚህን ነገሮች ሁሉ አሳምረው ያውቁ ነበር። ቢሆንም ዓይን በቀላሉ ይታለላል።

በ1960ዎቹ በሜዲቴራኒያን ባሕር ላይ የሚመላለሱት የምርምር መርከቦች አንድ አስደናቂ ነገር አገኙ። ከወለሉ በታች አንድ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሜትር ዝቅ ብሎ ድምፅን አጥብቆ የሚመልስ ንጣፍ አለ። ይህ አስተጋቢ ንጣፍ በምዕራቡም በምሥራቁም የባሕሩ ክፍል ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ፤ የወለሉን ዳገትና ቍልቍለትም ይከተላል። «ኤም» ብለው ሰየሙት። ከእርሱ በታች ደግሞ በብዙ ስፍራ የጭቃውን ንጣፎች ከሥር ወደ ላይ የገፉ ዐምድ መሰል ጉብታዎች ታዩ። እንዲህ ያለ ጉብታ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የታወቀ ነው፤ እዚያ ያለው ጨው ነው። ጨው ከላዩ ክብደት ሲጫነው እንደ ሊጥ እየፈሰሰ በደከመው ቦታ ወደ ላይ ይወጣልና። ታዲያ የሜዲቴራኒያኑም ጨው ይሆን? ጨው ከሆነስ መቼና ከየት መጣ? አንዳንዶች ባሕሩ ራሱ ገና ሳይከፈት የተቀመጠ እጅግ ጥንታዊ ጨው ነው አሉ። ሌሎች ጨው መሆኑንም ተጠራጠሩ። በወረቀት ላይ ብቻ ቢሆን ይህ ክርክር መጨረሻ ባልኖረው ነበር።

ክርክሩን ለመፍታት የተላከችው ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መሰርሰሪያ መርከብ ናት። ርዝመቷ 122 ሜትር፣ በመካከሏ እንደ ግንብ የቆመ የብረት ማማ ያላት፣ ከ1968 እስከ 1983 የውቅያኖስን ወለል ስትሰረስር የኖረች መርከብ ነበረች። በሺህ ሜትር በሚቈጠር ውሃ ላይ መልሕቅ አይያዝም፤ ነገር ግን መሰርሰሪያው እንዳይሰበር መርከቡ ከቦታው ማፈንገጥ የለበትም። መፍትሔው አሁንም ድምፅ ሆነ። ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ወደ ወለሉ ይጣላል፤ የመርከቡ ጆሮዎች ድምፁን እየሰሙ፣ ኮምፒዩተር ሞተሮቹን እያዘዘ፣ መርከቧ በአንድ ቦታ ላይ ቆማ ትሠራለች። አንድ ጉድለት ግን ነበረባት። ዘይት ወይም ጋዝ ከጉድጓዱ ቢፈነዳ የሚዘጋበት መሣሪያ ስላልነበራት፣ ዘይት ሊያከማቹ ይችላሉ ተብለው የሚፈሩትን የጨው ጉብታዎች አናት እንዳትሰረስር ተከልክላ ነበር። ስለዚህ ቦታ የሚመረጠው ከዳር ከዳሩ ነው፤ ምርጫውም በእነዚያው የድምፅ ሥዕሎች ላይ ይደረጋል።

በኦገስት 1970 መርከቧ ከሊዝበን ተነሥታ ወደ ሜዲቴራኒያን ገባች። የሳይንሱ መሪዎች የላሞንቱ ዊሊያም ራያንና በቻይና ተወልዶ በዙሪክ የሚያስተምረው ኬኔት ሹ ነበሩ። ጥቃቅን ቅሪተ አካላትን መርምራ የንጣፎቹን ዕድሜ ከሚለዩት መካከል የሚላኖዋ ማሪያ ቢያንካ ቺታ ነበረች። በስጳኝ ዳርቻ አጠገብ ከተሰረሰሩት ከመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች በአንዱ መሰርሰሪያው ተቀረቀረ፤ የተጠበቀው ዓለት ሳይሆን ጠጠር ወጣ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ያልተሳካ ጉድጓድ ብሎ ያልፈው ነበር። እነርሱ ግን ጠጠሩን አጥበው አንድ በአንድ ለዩት። ጀሶ፣ የእሳተ ገሞራ ጥቍር ድንጋይ፣ የደረቀ የጥልቅ ባሕር ጭቃና ድንክዬ ቀንድ አውጣዎች ተገኙበት። ከስጳኝ ተራሮች በወንዝ የሚመጣው የተለመደ አሸዋና ድንጋይ ግን የለም። ጠጠሩ ከየብስ የታጠበ ሳይሆን ከራሱ ከባሕሩ ወለል ተሸርሽሮ የመጣ ይመስላል። የባሕር ወለል ደግሞ በወራጅ ውሃ የሚሸረሸረው ሲገለጥ ነው።

ከዚያ በኋላ በባሌአሪክ ደሴቶች አጠገብ፣ ውሃው ከ2500 ሜትር በላይ በሚጠልቅበት ስፍራ፣ መሰርሰሪያው «ኤም» ከተባለው ንጣፍ ደረሰ። የወጣው ናሙና አንሃይድራይት የሚባለው ውሃ የሌለበት የጀሶ ዓይነት ዓለት ነው። መልኩ ዛሬ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በሚገኘው፣ ፀሐይ በሚያቃጥለው የጨው ረግረግ ውስጥ እንደሚሠራው ነበር። ከእርሱ ጋር ስትሮማቶላይት የተባለ፣ ብርሃን በሚደርስበት ዝቅተኛ ውሃ ውስጥ በረቂቃን ዕፅዋት ምንጣፍ የሚሠራ ድርብርብ ድንጋይ ተገኘ። ብርሃን ወደ 2500 ሜትር አይወርድም። እንግዲህ ማሚቶውን ያስተጋባው ነገር ስሙ ታወቀ፤ ዕድሜውም ጥንታዊ አልነበረም፤ ከስድስት ሚሊዮን እስከ አምስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ሦስቱ ሊቃውንት በ1973 ባወጡት ጽሑፍ የጂብራልታር በር ተዘግቶ ሜዲቴራኒያን ደርቆ ነበር ሲሉ አስታወቁ።

ይህን የሰማ ሁሉ አላመነም፤ አለማመኑም አያስነቅፍም። ባሕሩ ዛሬም ከወንዝና ከዝናብ ከሚያገኘው ይልቅ በትነት የሚያጣው ይበልጣል፤ የሚሞላለት በጂብራልታር የሚገባው የአትላንቲክ ውሃ ነው፤ በሩ ቢዘጋ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ይደርቃል። እስከዚህ ሒሳቡ ይሄዳል። ነገር ግን አንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውሃ ሙሉ በሙሉ ቢተን የሚተወው ጨው ከ20 ሜትር አይበልጥም። በድምፅ የታየው ጨው ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወፍራል። ስለዚህ ባሕሩ አንድ ጊዜ ደርቆ ብቻ ይህ ሁሉ ጨው ሊገኝ አይችልም፤ ውሃው እየገባ እየተነነ ብዙ ጊዜ መመላለስ አለበት። ሌሎችም ጀሶው በዝቅተኛ ውሃ መሠራቱን ተቀብለው፣ ያን ጊዜ ወለሉ ራሱ ከፍ ያለ ነበር፣ ኋላ ነው የሰመጠው ብለው ተከራከሩ። ግሎማር ቻሌንጀርም የጨውን አናት ነካች እንጂ ወፍራሙን ጨው በስታ ከሥሩ አልደረሰችም። የውፍረቱ ነገር በድምፅ ምስክርነት ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ለደረቀው ባሕር ሐሳብ ትልቁ ድጋፍ የመጣው ከባሕር ሳይሆን ከወንዝ ነው፤ ወንዙም ለእኛ ባዕድ አይደለም። የአስዋን ግድብ በሚሠራበት ጊዜ ኢቫን ቹማኮቭ የተባለ የሶቪየት የሥነ ምድር ሊቅ የግድቡን መሠረት ለመመርመር የተቈፈሩትን ጉድጓዶች ሲመለከት፣ ከናይል ሥር በጥቍር ዓለት ውስጥ የተቈረጠ ጠባብና ጥልቅ ገደል ተደብቆ አገኘ። የገደሉ ግርጌ ከባሕር ወለል ልክ በታች ወደ 200 ሜትር ይጠጋል፤ የተሞላውም የባሕር ነፍሳት ቅሪት ባለበት ጭቃ ነው። አስዋን ከባሕሩ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነው። በካይሮ አጠገብ ያው ገደል ከ2000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ወንዝ ከሚፈስበት ባሕር በታች ሊቈፍር አይችልም፤ እንዲህ ያለ ገደል የሚቈርጠው ባሕሩ ራሱ ብዙ ዝቅ ባለ ጊዜ ብቻ ነው። በሊቢያና በፈረንሳይ በሮን ወንዝ ሥርም የተቀበሩ ገደሎች አሉ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ደጋ ውሃ በናይል ሸለቆ ይወርድ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሊቃውንትን የሚያከራክር ሌላ ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል።

መሰርሰሪያው ከተናገረ በኋላ አሮጌዎቹ ወረቀቶች እንደ አዲስ ተነበቡ። ንጣፉ ጨው መሆኑ ስለታወቀ ፍጥነቱ ታወቀ፤ ፍጥነቱ ስለታወቀ ሴኮንዱ ወደ ሜትር ተለወጠ። በጂብራልታር በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ በጭቃ የተቀበረ ትልቅ የሽርሸራ ቦይ በድምፅ ተከትለው፣ በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ባሕሩ እንደገና የሞላው ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ አስፈሪ ጎርፍ ነው አለ። በ2018 ደግሞ ከሲሲሊ በስተምሥራቅ ከወለሉ በታች የተገኘ፣ ከ1400 ኪሎ ሜትር ኩብ በላይ የሚሆን የተዘበራረቀ ክምር የዚያ ጎርፍ ትራፊ ነው ተባለ። እኔ ሁለተኛውን በጥርጣሬ እመለከተዋለሁ። ክምሩ በድምፅ ታይቶአል፤ ነገር ግን መሰርሰሪያ አልነካውም። «ኤም» ከ1970 በፊት የነበረበት ሁኔታም ይኸው ነበር።

በቀይ ባሕርም ነገሩ በተመሳሳይ መንገድ ሄዶአል። በ1960ዎቹ የተነሡት የድምፅ ሥዕሎች እንደ «ኤም» ያለ ጠንካራ አስተጋቢ ንጣፍ አሳዩ፤ እርሱንም «ኤስ» አሉት። ግሎማር ቻሌንጀር በ1972 መጥታ ስትሰረስር ከንጣፉ በታች በብዙ ጉድጓድ አንሃይድራይትና ጨው ወጣ፤ ዕድሜውም ከሜዲቴራኒያኑ ጋር የሚቀራረብ ነው። የባሕር ውሃ ተዘግቶበት ሲደርቅ ምን እንደሚተው ለማየት ለኢትዮጵያዊ መርከብ አያስፈልገውም። በደናክል ዝቅተኛ ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ በወረደው ሜዳ ላይ፣ አሞሌ የሚቈረጥበት ጨው አለ፤ በሜዳው ዳርም የቀይ ባሕር ውሃ እዚያ ደርሶ እንደነበር የሚመሰክር የዛጎል ድንጋይ ይታያል። ጨዉ ግን ከቀይ ባሕሩ የጥልቅ ጨው ብዙ የሚያንስ ዕድሜ ያለው ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

በቀይ ባሕር «ኤስ» ከሜዲቴራኒያኑ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በባሕሩ መካከል፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄደው ጥልቅ ቦይ ውስጥ፣ ንጣፉ ይጠፋል። የዚያን ጊዜ ተመራማሪዎች መጥፋቱን ራሱን እንደ ማስረጃ ወሰዱት። በዚያ ያለው ምድር ጨው ከተቀመጠ በኋላ አፍሪካና ዐረብ ሲራራቁ በመካከላቸው የተፈጠረ አዲስ ወለል ነው፤ ስለዚህ ቦዩ ከአምስት ሚሊዮን ዓመት ወዲህ የተከፈተ ነው አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ብዙውም ዛሬ ይሠራል። ነገር ግን ወለሉን አጥርተው የሚያሳዩ አዳዲስ የድምፅ መሣሪያዎች በኋላ ሌላ ነገር አሳዩ። ጨዉ ከሁለቱ ወገን እንደ በረዶ ግግር ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ይፈስሳል፤ በብዙ ስፍራ አዲሱን ወለል ሸፍኖታል። ስለዚህ ዛሬ «ኤስ» የሚያልቅበት መስመር ጨዉ ድሮ የቆመበት ዳር ሳይሆን፣ እየፈሰሰ እስከ አሁን የደረሰበት ቦታ ነው።